ሠሪዎቹ የሄዱበት ሙያ፤ የወለቃ ሸክላ ሥራ መዳከምና የሚሰጠው ትምህርት

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቃ የምትገኘው የወለቃ መንደር በሸክላ ሥራዋ ከሀገር ውስጥ አልፋ በውጭም ትታወቃለች። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚጓዙ ጎብኚዎች ለበርካታ ዓመታት በመንደሯ ቆም እያሉ ከሸክላ የተሠሩ አነስተኛ ምስሎችን ሲገዙ ቆይተዋል። ይሁን እንጂ መንደሯን ለዚህ ዝና ያበቋት ቤተ እስራኤላውያን ባለሙያዎች አብዛኞቹ አካባቢውን ከለቀቁ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል።

ሙያው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። ባለሙያዎቹ ከሄዱ በኋላም በወለቃ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አልታጡም። ነገር ግን ቀደም ሲል እናት ለልጇ፣ ጎረቤት ለጎረቤቷ እያሳየች ይተላለፍ የነበረው ሙያ ያንን የመማማሪያ ሰንሰለት ካጣ በኋላ እየጠበበና እየተዳከመ መጥቷል። የወለቃ ተሞክሮ በባህል፣ በቱሪዝም እንዲሁም በሥራና ክህሎት ዘርፍ ለተሰማሩ ሠራተኞችና የሥራ ኃላፊዎች አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል። ይኸውም የዕደ ጥበብ ሙያ የሚኖረው በዕቃው ውስጥ ሳይሆን ዕቃውን በሚሠሩት ሰዎች ኅብረት ውስጥ መሆኑ ነው።

ርስት ያጣ ማኅበረሰብ መተዳደሪያ

የጎንደር ከተማ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1636 ስትቆረቆርና ከዚያም በኋላ ስትስፋፋ፣ በአካባቢው የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በቀጥቃጭነት ሙያቸው ለግንባታው አስተዋፅኦ ማድረጋቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ማኅበረሰቡ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተካሄዱት ጦርነቶች ነጻነቱንና አብዛኛውን የርስት መብቱን በማጣቱ የእጅ ሙያ ዋና መተዳደሪያው እየሆነ መጥቷል። ወንዶቹ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ በመቀጥቀጥ እንዲሁም ሸማ በመሥራት ሲተዳደሩ፣ ሴቶቹ ደግሞ እንስራ፣ ገንቦ፣ ምጣድ፣ ድስትና ጀበና እየሠሩ ገበያ ያወጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ መወሰኑ ይታወቃል። ይህም ባለሙያዎቹ በየራሳቸው መንደር ተሰባስበው እንዲኖሩ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ገበሬው ያለ ማረሻ ማረስ፣ እመቤቲቱም ያለ ምጣድ እንጀራ መጋገር አትችልም ነበር። ሆኖም ማረሻውን የቀጠቀጠውና ምጣዱን የሠራችው ሰዎች “ቡዳ” እየተባሉ ይፈሩና ይገለሉ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል። አዋጁ ቢታወጅም አመለካከቱ ከኅብረተሰቡ ውስጥ በቀላሉ አልወጣም።

ይህ መገለል በሙያው ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶችን አስከትሏል። በአንድ በኩል ባለሙያዎቹ በአንድ ቦታ ተሰባስበው፣ እርስ በርስ እየተጋቡና እየተማማሩ ዕውቀቱን ለትውልድ እንዲያስተላልፉ አድርጓል። በሌላ በኩል ደግሞ ከማኅበረሰቡ ውጭ ያለው ሰው ሙያውን እንዳይማር አግዷል። በመሆኑም ዕውቀቱ በጥቂት መንደሮች ብቻ ተወስኖ ሊቆይ ችሏል።

ከመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት

የወለቃ ሸክላ ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ የሚሠራ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ ከዚያም በውሃ ይቦካል። ሸክላው በእሳት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ የተወቀጠ ገል ወይም አሸዋ ይቀላቀልበታል። ቅርጹ በእጅ ከወጣ በኋላ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ በጥላም ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል። በመጨረሻም በገላጣ ቦታ በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኮሳል። ምጣዱ ወይም ድስቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትም መሟሸት ይኖርበታል።

ይህን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፎ ማስቀመጥ አያስቸግርም። አስቸጋሪው ነገር የትኛው አፈር ለምጣድ፣ የትኛው ለጀበና እንደሚስማማ፣ ጭቃው ምን ያህል ቢቦካ እንደሚበቃው፣ ነፋሻ በሆነ ቀን እሳቱ እንዴት እንደሚያዝ ማወቁ ነው። ይህ ዕውቀት በእጅና በዐይን የሚያዝ እንጂ በቃል ብቻ የሚነገር አይደለም። አንዲት ልጅ በመጀመሪያ አፈር በመሸከምና ገል በመውቀጥ፣ ቀጥላም ትናንሽ ዕቃዎችን በመሥራት በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ የምትቀስመው ነው። የተሰነጠቀባትን ምጣድ አይታ ምክንያቱን የምትነግራት ልምድ ያላት ሴት በአጠገቧ ካልኖረች ግን ስሕተቷን የምታርምበት መንገድ የላትም።

ባለሙያዎቹ ሲሄዱ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ እስራኤላውያን እንደ ሌላው ገበሬ የመሬት ተጠቃሚ የሚሆኑበትን ዕድል ከፍቷል። ይህም የእጅ ሙያን ከግዴታ ወደ ምርጫ ሊለውጥ የሚችል እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል የመሄድ እንቅስቃሴ ተጠናከረ። በ1977 ዓ.ም. “ዘመቻ ሙሴ” በተባለው እንቅስቃሴ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተጉዘዋል። በእግር ጉዞውና በሱዳን መጠለያዎች በርካቶች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በተካሄደው “ዘመቻ ሰለሞን” ደግሞ ከ14 ሺህ 300 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስደዋል። በአሁኑ ወቅት በእስራኤል የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቁጥር ከ160 ሺህ በላይ ነው።

ለሄዱት ሰዎች ጉዞው የረጅም ዘመን ምኞት ፍጻሜ ነበር። ለሙያው ግን የመምህራኑ በአንድ ጊዜ መሄድ ማለት ነው። ወደ ዘመናዊ ከተማ የገቡት እናቶች የለመዱትን አፈር፣ ክፍት የማቃጠያ ቦታና ገንቦ የሚገዛ ደንበኛ ትተው ነው የሄዱት። በወለቃ የቀሩት ጎረቤቶች ደግሞ የሸክላ ገበያውን ቢረከቡም ሙያውን ለዓመታት ከጎናቸው ተቀምጠው ያልተማሩት ነበር። በመንደሯ የተቋቋመው የፕላውሼር የሴቶች የዕደ ጥበብ ማሠልጠኛ ማዕከል ችግረኛ ሴቶችን በሸክላ፣ በሽመናና በስፌት ሥራ በማሠልጠን ክፍተቱን ለመሙላት ያደረገው ጥረት የሚጠቀስ ነው።

ከቤት ዕቃነት ወደ ማስታወሻነት

ለሙያው መዳከም የባለሙያዎቹ መሄድ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ጀሪካንና ባልዲ የእንስራንና የገንቦን ቦታ ወስደዋል፤ የብረት ድስትም የሸክላውን ድስት ተክቷል። በአንጻሩ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ለጎብኚዎች መሠራት የጀመሩት የአንበሳ፣ የካህናት፣ የንጉሥ ሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ምስሎች የመንደሯ መታወቂያ ሆነዋል።

ምስሎቹ ለብዙ ቤተሰቦች ገቢ አስገኝተዋል። ነገር ግን ሥራው ጎብኚ ሲኖር የሚሸጥ፣ ጎብኚ ሲቀር የሚቆም ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የተከሰተው የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነትና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭት የቱሪስት ፍሰቱን በእጅጉ ጎድተውታል። በቱሪስት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሙያ ከቱሪዝሙ ጋር አብሮ እንደሚወድቅ ይህ በግልጽ አሳይቷል።

ከዚህ በተጨማሪ አንዲት ሴት ትንንሽ ምስሎችን ብቻ እየሠራች ብትቆይ ትልቅ ምጣድ ሳይሰነጠቅ የማድረቅና የመተኮስ ችሎታዋ ይጠፋል። ልጇም አታገኘውም። ሙያው በስም እየኖረ በይዘት የሚሳሳው በዚህ መንገድ ነው።

ሆኖም የሸክላ ዕቃ ፍላጎት አልጠፋም። ጀበና ዛሬም በአብዛኛው ቤት አለ። በየከተማው የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን እንጀራው የሚጋገርበት ገጽ ከሸክላ የተሠራ ነው። ላቀች የተባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃም በውስጡ የሸክላ ክፍል አለው። ገበያው ያለው በየዕለቱ በሚያገለግለው ዕቃ ላይ መሆኑን ይህ ያመለክታል።

የሕግ ማዕቀፉና የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ

የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡ ቢሰነጠቅ የሚጠግነው ይፈለግለታል። የአካባቢው የእጅ ሙያ ግን እንዲህ ያለ ከለላ አላገኘም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚዳሰሱም ሆኑ የማይዳሰሱ ቅርሶች እንዲጠበቁ ይደነግጋል። ኢትዮጵያም የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀች ሲሆን፣ ስምምነቱ ባህላዊ ዕደ ጥበብን ከአምስቱ ዘርፎች አንዱ አድርጎ በስም ይጠቅሳል።

እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ከኢትዮጵያ በዚህ ስምምነት መሠረት የተመዘገቡት የመስቀል በዓል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ የገዳ ሥርዓት፣ የጥምቀት በዓልና ሹዋል ኢድ ናቸው። አራቱ በዓላት፣ አንዱ ማኅበራዊ ሥርዓት ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው በዕደ ጥበብነቱ የተመዘገበ የለም። በአንጻሩ ቦትስዋና የክጋትሌንግ አካባቢ የሸክላ አሠራር ሙያዋን እ.ኤ.አ. በ2012 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች ተርታ አስመዝግባለች። ቱኒዚያም የሰጅናን ሴቶች የሸክላ ሙያ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲመዘገብ አድርጋለች።

የጃፓን ተሞክሮ ደግሞ ከምዝገባ አልፎ በሰው ላይ ያተኮረ ነው። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ መሠረት የላቀ ችሎታ ያላቸውን ባለሙያዎች ትሰይማለች። ለእያንዳንዳቸውም በየዓመቱ 2 ሚሊዮን የን ድጎማ የሚሰጥ ሲሆን፣ ዓላማውም ሙያቸውን እንዲያሻሽሉና ተተኪ እንዲያፈሩ ነው። ቁም ነገሩ የገንዘቡ መጠን አይደለም። መንግሥት የሚጠብቀው የተሠራውን ሸክላ ብቻ ሳይሆን የምትሠራዋን እጅና ከጎኗ የምትቀመጠውን ተማሪም ጭምር መሆኑ ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

ከወለቃ ተሞክሮ በመነሳት በየደረጃው የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ያለ ከፍተኛ በጀት ሊያከናውኗቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች በዕደ ጥበብ ዘርፍ ሪፖርት ሲያዘጋጁ ከተሸጠው ዕቃና ከገቢው ባሻገር የባለሙያዎቹን ቁጥር፣ ዕድሜያቸውንና የሚያስተምሯቸውን ተማሪዎች ብዛት እንዲመዘግቡ ማድረግ ነው። አንድ ወረዳ ዐሥር ባለሙያዎች አሉኝ ቢልና ሁሉም በዕድሜ የገፉ፣ ተማሪም የሌላቸው ቢሆኑ፣ ሙያው በመጥፋት ላይ መሆኑን ከሽያጩ አኃዝ ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ተግባር የሥልጠናውን ዘዴ ይመለከታል። ለጥቂት ሳምንታት የሚሰጥ ሥልጠና የምስክር ወረቀት ሊያስገኝ ይችላል፤ ምጣድ የመተኮስ ችሎታን ግን አያስጨብጥም። በመሆኑም የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አንጋፋ ባለሙያዎችን በአሠልጣኝነት ቢመድቡና ልጃገረዶች ከእነርሱ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሠሩ ቢያመቻቹ የተሻለ ውጤት ይገኛል።

ሦስተኛው የመሬት ጉዳይ ነው። የሸክላ አፈር የሚገኘው በየቦታው አይደለም። ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ የአፈሩ መገኛ ለግንባታ ከተሰጠ ሙያው በፕላን ክፍል ውሳኔ ሊዘጋ ይችላል። ስለሆነም ቦታዎቹ ቀደም ብለው ተለይተው በፕላን ላይ እንዲሰፍሩ ማድረግ ያስፈልጋል።

ወለቃ ሙያዋን ያጣችው በአንድ ቀን አይደለም፤ ማንም ይጥፋ ብሎ የወሰነም የለም። ባለሙያዎቹ በራሳቸው ምክንያት ሄዱ፣ ጀሪካኑ በራሱ ምክንያት መጣ፣ ጎብኚውም በራሱ ምክንያት ቀረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የትኛው አፈር ለምጣድ እንደሚሆን የሚያውቁትን እናቶች ጠይቆ የመዘገበና ተተኪ ያዘጋጀላቸው አካል በበቂ ሁኔታ አልተገኘም። በሌሎች መንደሮች ያሉ ሸማኔዎች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ግን ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። ጥያቄው ለእነርሱ የሚቀርበው በሕይወት እያሉና ከጎናቸው የሚቀመጥ ተማሪ ሳይጠፋ ሊሆን ይገባል።