የረጅም ርቀት ተኩስና የምርት መሠረት ጥያቄ

ስለ መጪው ዘመን ጦርነት በምዕራቡ ዓለም የሚጻፈውን የሚከታተል ሰው አንድ የማይለወጥ ዜማ ይሰማል። ይኸውም የወደፊቱን ጦርነት የሚወስነው አንድ ተአምረኛ መሣሪያ ነው የሚለው ነው። ትናንት ዒላማውን የማይስተው ሚሳይል ነበር፤ ዛሬ ሰው አልባ አውሮፕላን ነው፤ ነገም ሌላ ስም ይወጣለታል። ይህ አመለካከት መሣሪያውን ከሠራው እጅ፣ ካስገኘው የምርት ኃይልና ከሚያገለግለው መደብ ነጥሎ የሚያይ በመሆኑ ከመሠረቱ ሃሳባዊ ነው። መድፍና የረጅም ርቀት ተኩስ ወዴት እያመሩ ነው ለሚለው ጥያቄ ሳይንሳዊ መልስ ለማግኘት ምርመራውን ከአፈሙዙ ሳይሆን ከፋብሪካው መጀመር ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሬድሪክ ኤንግልስ ስለ ጦር ጉዳይ የጻፈው እንደ ሩቅ ተመልካች አልነበረም። በ1841 በርሊን ውስጥ በፕሩሲያ መድፈኛ ጦር በበጎ ፈቃድ ማገልገል የጀመረ ሲሆን፣ ወዳጆቹም «ጄኔራሉ» ይሉት ነበር። በ1878 በመጽሐፍ መልክ በወጣው «ፀረ-ዱሪንግ» ያስጨበጠው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የአንድ ጦር ትጥቅ፣ አደረጃጀትና ስልት የሚወሰኑት አገሩ በደረሰበት የምርት ደረጃ ነው። ኃይል በራሱ የሚቆም ነገር አይደለም፤ ከጀርባው ብረት የሚቀልጥበት ምድጃና የሚያቀልጠው ሠራተኛ አሉ።

የፓሪስ መድፍ በመባል የሚታወቀው የጀርመን መሣሪያ ይህንን በሚገባ ያረጋግጣል። በክሩፕ ፋብሪካ የተሠራው ይህ መድፍ በመጋቢት 1918 ፓሪስን ከ120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት መደብደብ ጀመረ። ነገር ግን እያንዳንዱ ተኩስ የአፈሙዙን ውስጠኛ ብረት ይፍቀው ስለነበር ጥይቶቹ ተራ ቁጥር እየተሰጣቸው፣ ተከታዩ ከቀደመው በጥቂቱ እየወፈረ ይዘጋጅ ነበር። ከ60 ያህል ተኩስ በኋላም አፈሙዙ መለወጥ ነበረበት። 250 ያህል ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ከ80 በላይ የሚሆኑት በስቅለት ዕለት በቅዱስ ዤርቬ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የተሰበሰቡ ምእመናን ነበሩ። የጦርነቱ ሚዛን ግን አልተለወጠም። ጀርመን በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ተሸነፈች።

ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ችግር በአሜሪካ ተደገመ። በ2020 መጨረሻ በአሪዞና በረሃ በተደረገ ሙከራ፣ ርዝመቱ 9 ሜትር የሚደርስ አፈሙዝ የተገጠመለት ባለ 155 ሚሊ ሜትር ተሽከርካሪ መድፍ 70 ኪሎ ሜትር ርቆ የነበረ ዒላማ መታ። የስኬቱም ዜና በሰፊው ተነዛ። በ2024 ግን አፈሙዙ ከጥቂት ተኩስ በኋላ የሚበላ መሆኑ ታይቶ ዕቅዱ መሰረዙ ተገለጸ። ብረት የራሱ ሕግ አለው፤ ለፕሮፓጋንዳ አይታዘዝም።

ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን ከወረረች ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በጦር ሜዳ ተፈትኗል። በዚያው ዓመት በጋ የገቡት፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወረወሩት የአሜሪካ ሮኬቶች የሩሲያን የጥይት መጋዘኖችና በኬርሶን አቅራቢያ ያለውን የአንቶኒቭካን ድልድይ በትክክል መቱ። ሆኖም የሳተላይት ምልክትን የሚያውክ መሣሪያ በብዛት ሲሰለፍ፣ በሳተላይት የሚመሩት ውድ የመድፍ ጥይቶች ኢላማቸውን መሳት ጀመሩ። በጥቂት መቶ ዶላር የምትሠራ ሰው አልባ በራሪም ሚሊዮኖች የወጣበትን መድፍ ከተደበቀበት አድና ታቃጥለው ጀመር። በመጨረሻ ወሳኙ ጥያቄ የቆየው ጥያቄ ሆኖ ተገኘ፤ ማን ብዙ ጥይት ማምረት ይችላል?

ቁጥሮቹ ይመስክሩ። አሜሪካ ጦርነቱ ሲጀመር ታመርት የነበረው ባለ 155 ሚሊ ሜትር ጥይት በወር 14,000 ገደማ ነበር። ወደ 100,000 ለማድረስ ብታቅድም በ2025 አጋማሽ የደረሰችው 40,000 አካባቢ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በመጋቢት 2023 በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ጥይት ለዩክሬን ለመስጠት ቃል ገብቶ፣ ቀኑ ሲደርስ ያስረከበው ግማሽ ያህሉን ነው። በፔንሲልቬንያ የጥይት ቀፎ የሚቀጠቀጥበት የስክራንተን ፋብሪካ ቀድሞ የባቡር መጠገኛ የነበረ አሮጌ ሕንጻ ነው። ቲ.ኤን.ቲ የተባለውን ፈንጂ ደግሞ አሜሪካ ከ1986 ጀምሮ በአገሯ ማምረት በማቆሟ፣ አዲስ ፋብሪካ በኬንታኪ እንዲሠራ የተዋዋለችው ገና በኅዳር 2024 ነው። ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ ትርፍን ብቻ የሚያሰላው ካፒታል ርካሹን ጥይት ትቶ ወደ ውዱ መሣሪያ አዘነበለ። ጦርነቱ ሲመጣም ከእጥረቱ አተረፈ፤ የጀርመኑ ራይንሜታል ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋ ከ2022 ወዲህ በብዙ እጥፍ አድጓል። በምሽግ ውስጥ የሚወድቀው ግን ባለ አክሲዮኑ ሳይሆን የገበሬውና የሠራተኛው ልጅ ነው።

ይህ ትምህርት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ በልመና እንደማይዘልቅ ተረድተው በጋፋት መድፍ እንዲሠራ አዘዙ፤ ሰባስቶፖልም ተሠራ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀበት። በ1868 የመጣው የእንግሊዝ ጦር ግን ከዙላ ወደብ የባቡር ሐዲድ እየዘረጋ፣ የአርምስትሮንግ መድፎቹን ከሕንድ ባመጣቸው ዝሆኖች አስጭኖ ነበር። ልዩነቱ የጀግንነት አልነበረም። የንጉሡ ራእይ ትክክል ነበር፤ ራእዩን የሚሸከም የምርት መሠረት ግን ገና አልተፈጠረም ነበር።

በ1977ም የሶማሊያ ጦር በሚዘምትበት ዋዜማ፣ ለሃያ ዓመታት በአሜሪካ መሣሪያ የታጠቀው ሠራዊታችን ምንጩ ከዋሽንግተን ተዘጋበት። ክፍተቱን ሶቪየት ኅብረት ሞላች። ከዐሥር ዓመት ጥቂት ከፍ ካለ ጊዜ በኋላ ደግሞ ያም ምንጭ ደረቀ። ለጋሹ ማንም ይሁን ማን፣ ጥይቱ ከባሕር ማዶ የሚመጣለት መድፍ መርከቡ ባልመጣ ቀን የቆመ ብረት ነው።

ከዚህ አንጻር የመጪው ዘመን አቅጣጫ ግልጽ ነው። ርቀትን የሚያራዝመው ይበልጥ ሮኬትና ሚሳይል እንጂ የአፈሙዝ ርዝመት አይሆንም። ከ500 እስከ 5,500 ኪሎ ሜትር የሚወረወሩ የምድር ሚሳይሎችን ያገደው የ1987 ስምምነት በነሐሴ 2019 በመፍረሱ እሽቅድድሙ ልጓም አጥቷል። መድፉ ራሱ አይጠፋም፤ ነገር ግን ተበታትኖ፣ ተደብቆና ተኩሶ ወዲያው ቦታውን እየለወጠ ይዋጋል። ዒላማ የሚያሳየውም ርካሹ በራሪ ይሆናል። ታዳጊ አገሮች በዚህ እሽቅድድም ውስጥ ያለ የሌለ የውጭ ምንዛሪያቸውን ለተአምረኛ መሣሪያ እንዲያፈሱ ይገፋፋሉ። የሚሸጥላቸው ግን መድፉ እንጂ ብረት ማቅለጫው፣ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪውና የሠለጠነው ሠራተኛ አይደለም።

ስለሆነም ነፃነቱን የሚወድ ሕዝብ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው መድፉ ስንት ኪሎ ሜትር ይወረውራል ብሎ ሳይሆን፣ ብረቱን የሚያቀልጠው ማን ነው፣ ለማንስ ጥቅም ይቀልጣል ብሎ ነው። ማረሻና የውሃ ቧንቧ የሚሠራ ኢንዱስትሪ የሌለው አገር የራሱን መከላከያም ሊሠራ አይችልም። ይህን ኢንዱስትሪ መገንባት የረጅም ዘመን ጥረት ይጠይቃል፤ ያለዚያ ግን የጦርነቱም የሰላሙም ቁልፍ በሌሎች እጅ ይቀራል።