የዋንዛ ጠረጴዛ ለሙሽሮች

ልጅ ጎጆ ሲወጣ ቤተሰብ የሚያሟላለት ዕቃ ብዙ ነው። አልጋውም ቁም ሣጥኑም ከሱቅ ይገዛ፤ ጠረጴዛውን ግን ወንድም ወይም አጎት በእጁ ቢሠራው እመርጣለሁ። እንግዳም ቤተኛም የሚከበው እሱን ነውና።

ለዚህ ሥራ ዋንዛን የሚያህል እንጨት አላውቅም። ለመጋዝም ለመሮም ይታዘዛል፤ ከበሮና ሙቀጫ ሲሠራበት ኖሯል፤ ቀላ ያለው ልቡ በዕድሜ እየጠቆረ ያምራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከጽድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ዛሬም የጣውላውን ምንጭ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። በቤተሰቡ የቡና ማሳ ውስጥ ጥላ ሲሰጥ ኖሮ ያረጀ ዋንዛ ካለ ከዚያ የሚሻል አይገኝም።

ዛፉ ተቆርጦ በወሩ ጠረጴዛ አይሆንም። በአናጢዎች ልማድ ለየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል የማድረቂያ ጊዜ ይታሰባል። ጣውላው በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ጥላ ሥር ይደረደራል። ውሃው በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣና ስለሚሰነጥቀው ጫፎቹ ቀለም ይቀባሉ። እንግዲህ ስጦታው የሚጀመረው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ነው ማለት ነው።

ከደረቀም በኋላ እንጨት አያርፍም። ክረምት እርጥበት ስቦ ወርዱ ይሰፋል፣ በጋ ይጠባል፤ ርዝመቱ ግን አይለወጥም ማለት ይቻላል። ብዙ ጠረጴዛ የሚበላሸው ይህ ስለሚዘነጋ ነው። ገበታው ከሥሩ ካለው ክፈፍ ጋር በኮላና በምስማር ከተጠረቀ መንቀሳቀሻ አጥቶ መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። መፍትሔው ይህ ነው፦ በክፈፉ ውስጠኛ ጎን ቦይ ይፈለፈላል፤ ምላስ የወጣላቸው ትናንሽ እንጨቶች ምላሳቸውን ቦዩ ውስጥ አስገብተው ከገበታው ጋር በብሎን ይታሰራሉ። ገበታው ወደ ላይ አይነሳም፣ ወደ ጎን ግን እንደ ልቡ ይንሸራተታል። ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ስለሚበዛ ሥራው የሚያልቀው በበጋ ነው። ያን ጊዜ ገበታው ጠብቧል፤ ስለዚህ በትንንሾቹ እንጨቶችና በክፈፉ መካከል ለክረምቱ የሚሆን ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው የግድ ነው።

መጠኑ አያስቸግርም። ለስድስት ሰው 180 በ90 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 75 ይበቃል። ኪራይ ቤት ለሚገቡ ሙሽሮች ግን እግሮቹ በብሎን የሚፈቱ ይሁኑ፤ ቤት በቀየሩ ቁጥር በጠባብ ደረጃ ማለፍ አለበት።

ለማጠናቀቂያ ከቫርኒሽ ይልቅ የተልባ ዘይት ይሻለኛል። ጀበና ምልክት ቢተውበት ወይም ቢጫር ያንኑ ቦታ አሽቶ እንደገና መቀባት ይቻላል። ጥሬ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ስለሚፈጅ ለጥር ሠርግ ቅቡ በኅዳር ቢጀመር መልካም ነው፤ በየዙሩ ስስ አድርጎ ቀብቶ ትርፉን መጥረግ ነው። የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ።