የሞርስ ቁልፍ መዘግየት በኮምፒውተር በሚመሩ አማተር ሬዲዮዎች፦ ተረትና እውነታ

ሞርስ ኮድ ከመነሻው የጊዜ ልኬት ነው፤ ሰረዝ ከነጥብ ሦስት እጥፍ ይረዝማል፣ በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉ ምልክቶች መካከል የሚኖረው ዝምታ አንድ ነጥብ፣ በፊደላት መካከል ሦስት፣ በቃላት መካከል ደግሞ ሰባት ነጥብ ያህል ነው። የመላኪያ ፍጥነት የሚሰላው በላቲን ፊደል ሲጻፍ የ50 ነጥብ ርዝመት በሚይዘው «ፓሪስ» በተሰኘው ቃል ስለሆነ፣ በደቂቃ 20 ቃላት ሲላክ አንድ ነጥብ 60 ሚሊሰከንድ፣ 30 ቃላት ሲላክ 40፣ 40 ቃላት ሲላክ ደግሞ 30 ሚሊሰከንድ ብቻ ይቆያል። ይህን ልኬት የሚጠብቀው የኦፕሬተሩ እጅ ብቻ ሳይሆን ጆሮው ጭምር ነው፤ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው፣ በሙያው ሳይድቶን የሚባለው የመከታተያ ድምፅ፣ የሚቀጥለው ምልክት መቼ መጀመር እንዳለበት ለእጁ ይነግረዋል።

በቀድሞዎቹ ሬዲዮዎች ይህ ድምፅ ቁልፉ እንደተነካ ወዲያው ይሰማ ነበር። ጄራልድ ያንግብላድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ «ኪውኢኤክስ» በተባለው መጽሔት ላይ የገለጸው ዓይነት ሬዲዮ፣ ማለትም ምልክትን የማመንጨትና የማጣራት ሥራ ለግል ኮምፒውተርና ለድምፅ ካርዱ የተሰጠበት መሣሪያ፣ በአማተሮች ዘንድ ሲስፋፋ ግን በእጅና በጆሮ መካከል መዘግየት ገባ። በደቂቃ 30 ቃላት በሚላክበት ጊዜ ድምፁ በ40 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን ማየት ይበቃል፤ ጣት ነጥቡን ጨርሶ ቁልፉን በሚለቅበት ቅጽበት ድምፁ ይጀምራል፣ ዝምታ መሰማት ባለበት ጊዜ ጩኸት፣ ጩኸት መሰማት ባለበት ጊዜ ዝምታ ይሰማል፤ ለብዙ ዓመት የሠለጠነ እጅ እንኳ በዚህ ሁኔታ ይሰናከላል። ስለ ችግሩ መንስኤና ስለ መፍትሔው የሚነገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

«ኮምፒውተሩ ደካማ ስለሆነ ነው»

ከሁሉ የተለመደውና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው እምነት ይህ ነው። ድምፅ በኮምፒውተር ውስጥ የሚጓዘው በየቅጽበቱ የተለካ የሞገድ መጠን፣ ማለትም ናሙና፣ እየተጠራቀመ ሲሆን፣ የሚጠራቀምበት ጊዜያዊ ማከማቻ ባፈር ይባላል። ባፈር ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ እንደማይነሳ ታክሲ ነው፤ የሾፌሩ ፍጥነት የመጀመሪያውን ተሳፋሪ ጥበቃ አያሳጥርም። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚያሳልፍ የድምፅ ካርድ ላይ 1,024 ናሙና የሚይዝ ባፈር ለመሙላት 21.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በመግቢያና በመውጫ አንድ አንድ ባፈር ካለ ጥበቃው ወደ 43 ሚሊሰከንድ ስለሚደርስ፣ በ30 ቃላት ፍጥነት ከአንድ ሙሉ ነጥብ ይበልጣል። ናሙናዎቹ የሚመጡት በሰዓት ቆጣሪ በተወሰነ ፍጥነት ስለሆነ፣ በጣም ፈጣን ፕሮሰሰር ቢገዛም ይህ ቁጥር አይለወጥም።

ማጣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። የሞገዱን ቅርጽ ሳያዛባ የሚያሳልፍ፣ 2,049 ማባዣ ቁጥሮች ያሉት ዲጂታል ማጣሪያ በዚሁ የናሙና ፍጥነት ምልክቱን በ1,024 ናሙና፣ ማለትም በሌላ 21.3 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ጠባብ ማጣሪያ መዘግየቱ የፕሮግራም አዘጋጁ ስንፍና አይደለም፤ 50 ኸርዝ ስፋት ብቻ ያለው ማጣሪያ ምልክቱን ከጎረቤቱ ለመለየት 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ማዳመጥ ግድ ይለዋል። አነስተኛ መዘግየት ያላቸው የማጣሪያ ዓይነቶች አሉ፤ እነሱም ዋጋቸውን በሞገዱ ቅርጽ መዛባት ያስከፍላሉ። የመከታተያው ድምፅ ከተቀባዩ ድምፅ ጋር በአንድ መስመር እንዲያልፍ ከተደረገ ይህ ሁሉ ይደመርበታል።

«ባፈሩን ማሳነስ ብቻ ይበቃል»

ማሳነሱ በእርግጥ ይረዳል፤ 256 ናሙና የሚይዝ ባፈር 5.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ያስጠብቃል። ይሁን እንጂ እንደ ዊንዶውስ ያለ የስርዓተ ክወና ሶፍትዌር ለአንድ ሥራ በሚሊሰከንድ የተወሰነ ቀጠሮ ለማክበር የተሠራ ስላልሆነ፣ ባፈሩ ከልክ በላይ ሲያንስ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። ከዚህም የከፋው ነጥብና ሰረዝን በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ማስቆጠር ነው፤ የዊንዶውስ መደበኛ የጊዜ ምት በየ15.6 ሚሊሰከንዱ ስለሚመታ፣ ጥንቃቄ በጎደለው ፕሮግራም የሚቆጠር የ40 ሚሊሰከንድ ነጥብ አንዴ ያጥራል፣ አንዴ ይረዝማል። ይህ መዋዠቅ ከቋሚ መዘግየት ፈጽሞ የተለየ ጉዳት ነው። ቋሚ መዘግየት የሚያስቸግረው ላኪውን ብቻ ሲሆን፣ መዋዠቅ ግን ሩቅ ያለው አድማጭ የሚሰማውን ፊደል ያበላሻል። ምልክታቸውን ወደ ጨረቃ ልከው የሚያንጸባርቁ አማተሮች ማሚቶውን የሚሰሙት ከ2.5 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለው ግዙፍ መዘግየት ግን ሞርስ ከመላክ አላገዳቸውም፣ የመከታተያ ድምፃቸውን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ይሰማሉና።

ሬዲዮን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኙ የዩኤስቢ መቀየሪያዎች ላይም ሊታይ የሚገባ ቅንብር አለ። በብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው የኤፍቲዲአይ ቺፕ ጥቂት ዳታ ብቻ ሲደርሰው ወደ ኮምፒውተሩ ከማሳለፉ በፊት በመደበኛ ቅንብሩ እስከ 16 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ቅንብሩን ወደ 1 ሚሊሰከንድ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

መፍትሔው ድምፁን ወደ እጁ ማቅረብ ነው። ቁልፉ ወይም ፓድሉ (ነጥብና ሰረዝ በተለያየ ጎን የሚታዘዝበት የቁልፍ ዓይነት) በቀጥታ ከሬዲዮው ጋር ሲገናኝ፣ ነጥብና ሰረዙንም ሆነ የመከታተያውን ድምፅ በሬዲዮው ውስጥ ያለ ማይክሮ ኮንትሮለር ወይም ኤፍፒጂኤ የተባለው ፕሮግራም የሚደረግ ቺፕ ሲያመነጭ፣ የኮምፒውተሩ ባፈር ከእጅና ከጆሮ መካከል ይወጣል። በውድድር ጊዜ ከኮምፒውተር የሚላኩ የተዘጋጁ መልእክቶችም እንደ ዊንኪየር ላለ የተለየ ቺፕ በፊደል መልክ ይሰጡታል፤ ጊዜውን የሚቆጥረው ቺፑ ነው።

«ከሁሉ የሚሻለው ዜሮ መዘግየት ነው»

ከቁልፍ እስከ ጆሮ ላለው መንገድ ይህ እውነት ነው፤ ከቁልፍ እስከ አንቴና ላለው መንገድ ግን ስሕተት፣ አንዳንዴም አደገኛ ነው። አንቴናውን ከተቀባይ ወደ አስተላላፊ የሚያዛውረው ሜካኒካል ሪሌይ ለመዝጋት በርካታ ሚሊሰከንዶች ይፈልጋል፤ ኃይሉ ቀድሞት ከመጣ የሪሌዩ መገናኛ ይቃጠላል፣ የመጀመሪያው ነጥብም ተቆርጦ ይወጣል። ስለዚህ ጥሩ ሬዲዮ የምልክቱን መነሻና መጨረሻ በእኩል መጠን ሆን ብሎ ያዘገያል። እያንዳንዱ ነጥብም በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ቀስ ብሎ እንዲነሳና እንዲወርድ ይደረጋል፤ አለዚያ በአጎራባች ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩትን የሚረብሽ ጠቅታ ይፈጠራል፤ ይህን መከላከል የእያንዳንዱ አማተር ግዴታ ነው።

በነጥቦች መካከል ባለው ዝምታ ሌላውን ጣቢያ መስማት የሚፈልግ ኦፕሬተር ግን የተቀባዩን መዘግየትም ማየት አለበት። ዝምታው 40 ሚሊሰከንድ ሆኖ ተቀባዩ በ60 ከዘገየ፣ በክፍተቱ የሚሰማው በዚያ ቅጽበት አየር ላይ ያለው ምልክት ሳይሆን ያለፈው ነው፤ ለዚህ ሥራ ሰፋ ያለና አጭር ማጣሪያ መምረጥ ይገባል።

«በኢንተርኔት ሞርስ በእጅ መላክ አይቻልም»

ይቻላል። ድምፁ ኦፕሬተሩ ባለበት ይመነጫል፣ እያንዳንዱ መጫንና መልቀቅ የተደረገበት ቅጽበት ተመዝግቦ ይላካል፣ የሩቁ ጣቢያ ደግሞ ለምሳሌ 100 ሚሊሰከንድ ጠብቆ ርዝመቶቹን ሳያዛባ ያጫውታቸዋል። የሚቀረው ችግር መልሱን ዘግይቶ መስማት ብቻ ነው።

መዘግየቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የእጅ ስልክ ከቁልፉና ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ አስቀምጦ ድምፅ መቅረጽና ቅጂውን እንደ ኦዳሲቲ ባለ ነፃ ፕሮግራም መክፈት ይበቃል። የቁልፉ ጠቅታና የድምፁ መነሻ ጎን ለጎን ይታያሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም መዘግየቱ ነው። በሚላክበት ፍጥነት ከሩብ ነጥብ የበለጠ ክፍተት ከተገኘ፣ ገንዘብ ለአዲስ ኮምፒውተር ከመውጣቱ በፊት ቁልፉ በቀጥታ ወደ ሬዲዮው ይዛወርና ልኬቱ ይደገም።