ስለ ካሜራ ፋብሪካዎች መዘጋትና በሌንስ ላይ አልኮል ስለሚረጩ ሰዎች



ለዛሬ አስቤው የነበረው ስለ ባትሪ አያያዝ ለመጻፍ ነበር። ዳሩ ግን ሰሞኑን በፎቶግራፍ አንሺዎች ግሩፖች ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው የድምፅ መልእክት ወደ እኔም ደርሶ ባዳምጠው፣ ተናጋሪው ስሙን ሳይገልጽ በታላቅ ድፍረት «ካሜራ የተወደደው በኮሮና ጊዜ ኩባንያዎቹ ሆን ብለው ዕቃውን መጋዘን ውስጥ ስለ ደበቁት ነው፤ ፋብሪካ ተዘጋ የሚባለው ተረት ነው» ካለ በኋላ፣ በዚያው አፉ ደግሞ ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ሁሉ «በሽታ እንዳይዘው» ሌንሱን አልኮል እየረጨ እንዲያጥበው ሲመክር ስለ ሰማሁት፣ ዝም ማለት የካሜራ ጠጋኝነት ሙያዬን መካድ ሆኖ ታየኝ። ይህን ምክር አምኖ የፈጸመ አንድ ወጣት ትናንት ማምሻውን ሌንሱን በፌስታል ጠቅልሎ መጥቶልኛል፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ።

አስቀድሜ የፋብሪካውን ነገር በተራ በተራ ላስረዳ። የእኛ አቆጣጠር ነው ብዬ ካልለየሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት የአውሮፓውያን ናቸው።

፩. ካሜራ በአንድ ቤት የሚሠራ ዕቃ አይደለም። በሣጥኑ ላይ የሚነበበው ስም አንድ ይሁን እንጂ፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ከአንዱ፣ ሸተሩ ከሌላው፣ የሌንሱ መስተዋት ከሦስተኛው፣ ፍሌክስ የሚባለው ተጣጣፊ ገመድና ደቃቁ ሞተር ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ከሚገኝ ፋብሪካ መጥተው፣ ሁሉም ተሟልተው በተገኙ ጊዜ ብቻ ነው ካሜራ የሚባለው ነገር የሚወለደው። ስለዚህ ቻይና በጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ውሃንን ዘግታ፣ ከአዲስ ዓመታቸው በዓል በኋላ ይከፈቱ የነበሩት ፋብሪካዎችም ብዙዎቹ እንደ ተዘጉ በቆዩ ጊዜ፣ ካኖን በኪዩሹ ደሴት፣ በኦይታ፣ በሚያዛኪና በናጋሳኪ ያሉትን አምስት ፋብሪካዎቹን በማርች መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራ እንዲያቆሙ ያደረገው፣ ከቻይና የሚመጣው የመገጣጠሚያ ዕቃ ስለ ተቋረጠበት ነው። ኒኮንም ዲ6 የተባለውን ካሜራ በፌብሩዋሪ 12 ቀን ዋጋውን ጭምር አሳውቆ በማርች ለገበያ አቀርባለሁ ካለ በኋላ፣ በዚሁ በዕቃ እጥረት ምክንያት ወደ ሜይ አሸጋገረው። ያ ካሜራ የታሰበለት የቶኪዮ ኦሊምፒክም ራሱ በማርች 24 ቀን ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፎ ስለ ነበር፣ ካሜራው ከዘገየ በኋላ የሚያነሣው ድግስ እንኳ አልጠበቀውም።

፪. ካሜራን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ሌንስ ውስጥ የሚገቡትን መስተዋቶች አማካይ ቦታቸውን አስይዞ የሚያስቀምጠው፣ ሴንሰሩን ከመቀመጫው ጋር በፀጉር ስንጥቅ መጠን የሚያስተካክለው፣ አቧራ በማይገባበት ክፍል ከጓደኛው ጎን ለጎን የሚቀመጥ ሠራተኛ ነው፤ ይህን ሥራ ወደ ቤት ወስዶ የሚሠራው ማንም የለም። በታይላንድ በአዩታያና በላኦስ ያሉት የኒኮን ፋብሪካዎች በ2020 ጸደይ ለጊዜው የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

፫. «ደብቀው አተረፉ» ለሚለው ሰው መልሱ የራሳቸው የአምራቾቹ ማኅበር በየወሩ የሚያወጣው ቁጥር ነው። በ2010 ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ወደ ገበያ ወጥቶ ነበር፤ ስልክ ካሜራን እየተካ በመሄዱ በ2019 ወደ 15 ሚሊዮን ግድም ወርዶ ነበር፤ በ2020 ደግሞ 9 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ይህ የሚያሳየን ወረርሽኙ ጤናማ የነበረውን ሳይሆን አስቀድሞ የታመመውን ኢንዱስትሪ እንደ መታው ነው። ከ1936 ጀምሮ ካሜራ ሲሠራ የኖረው ኦሊምፐስ የካሜራ ክፍሉን ለሌላ ባለ ገንዘብ እንደሚያስረክብ በጁን 2020 አስታወቀ፤ ኒኮን የካሜራ አካል በጃፓን ምድር መሥራቱን ትቶ ሥራውን ከሰንዳይ ወደ ታይላንድ አዞረ፤ ከ1950 ጀምሮ በኮሎኝ ከተማ ሲደረግ የኖረው ፎቶኪና የተባለው ታላቅ ትርኢት በዚያው ዓመት ከተሰረዘ በኋላ ላልተወሰነ ጊዜ ተቋረጠ። ዕቃ ደብቆ የሚያተርፍ ነጋዴ ሱቁን አይሸጥም፤ ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

፬. ፋብሪካዎቹ ከተከፈቱ በኋላ ደግሞ ቺፕ ጠፋ። በኦክቶበር 2020 በሚያዛኪ ግዛት በኖቤኦካ የነበረው የአሳሂ ካሴይ የቺፕ ፋብሪካ በእሳት ተቃጠለ፤ ቤቱ የተቀመጠው ሕዝብ ኮምፒዩተርና የቪዲዮ መጫወቻ ይገዛ ስለ ነበር የቀሩት የቺፕ ፋብሪካዎችም ትእዛዙን መቋቋም አቃታቸው፤ በ2021 መገባደጃ ሶኒ እንደ አልፋ 6400ና ዜድቪ-ኢ10 ያሉትን፣ በእኛ አገር ወጣቶች ዘንድ እጅግ የሚፈለጉትን ካሜራዎች ትእዛዝ መቀበል እስከ ማቆም ደረሰ። አካሉና ሌንሱ ተሠርቶ ቺፕ ያጣ የካሜራ ፋብሪካ፣ ዘርና እርሻ እያለው በሰኔ በሬ እንዳጣ ገበሬ ነው። እኛ ዘንድ መለዋወጫ የጠፋውም በወረርሽኙ ጊዜ ነው፤ የመንገደኛ አውሮፕላን በሆዱ ይዞት የሚመጣው ጭነት በረራው በመቋረጡ ቀርቶ፣ አየር መንገዳችን እንኳ መቀመጫ ነቅሎ ጭነት ሲያመላልስ በነበረበት ወራት፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአፍ መሸፈኛውና ለመድኃኒቱ እንጂ (ይህም ተገቢ ነበር) ለእኔ ሸተር አልነበረም።

ነገር ግን ዕቃው መጥቶም ቢሆን፣ አዲስ አበባ ገብቶም ቢሆን፣ ከመጋዘን ለማውጣት ያየሁት መከራ ከወረርሽኙ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አንድ መሥሪያ ቤት፣ የኪስ ማስታወሻ ደብተር የማታክል የሸተር ክፍል «ምስል ማሰራጫ ስለ ሆነች የልዩ ፈቃድ ደብዳቤ ታምጣ» ብሎኝ፣ ሸተር ማለት የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ እንጂ የሚያሰራጭ ነገር አለመሆኑን ለማስረዳት አሮጌውን ፈትቼ በጠረጴዛው ላይ ባሳየውም፣ ኃላፊው በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ «ገብቶኛል፤ ደብዳቤውን ግን አምጣ» ሲል አሰናበተኝ። ደብዳቤውን ይጻፍልኝ ብዬ የሄድሁበት ቢሮ ደግሞ «በወረርሽኙ ምክንያት ባለጉዳይ አናስተናግድም» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ ነበር፤ ወረቀቱም ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ብዙ ጊዜ ቆይቷል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በአገራችን በሽታው መኖሩ የተነገረው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሁዳዴው ሲፈታ ሠርግ ይጀመራል ብሎ፣ በብድር ካሜራ ገዝቶ፣ ቀብድ ተቀብሎ የጠበቀው ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ ትንሣኤን በቤቱ ዋለ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ የተያዙት ሠርጎች ተሰረዙ፤ ቀብዱም ይመለስ ተባለ። በባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ቅዳሴውን በስልክ ስክሪን አስቀደሱ፤ ልቅሶም በስክሪን ተደረሰ። ካሜራው ግን በቆዳ ቦርሳው ተዘግቶ ቁም ሣጥን ገባ፤ ክረምቱም መጣ።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ጠጋኝ እንጂ ሌላ ሰው አያስበውም። ሌንስ በጨለማና በእርጥበት፣ አየር በማያገኝበት ቦታ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲቀመጥ ይሻግታል። መብራት ፊት ይዤ ስመለከት፣ ከመስተዋቱ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መካከል የሚዘረጋ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ሥር ይታየኛል፤ ሻጋታው የሚተፋው አሲድ ቀጭኑን የመስተዋት ልባስ ይበላውና ድሩ ቢጠረግ እንኳ ጠባሳው ይቀራል። በእኛ አቆጣጠር በ2013 መስከረምና ጥቅምት ወደ ጠረጴዛዬ የመጡት ሌንሶች ብዙዎቹ በሽታቸው ይኸው ነበር። ባለቤቶቻቸው ሠርግ ሳይነሡ የከረሙ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ለጥገናው የሚከፍሉት ገንዘብ በእጃቸው አልነበረም።

እንግዲህ ትልቁ ነገር፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ፣ የአልኮሉ ጉዳይ ነው።

ወጣቱ ያመጣልኝ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር። በስሙ ቀለበት ሥር የገባው ፈሳሽ ወደ ውስጥ ወርዶ፣ የማስተካከያ ጥርሱ ላይ የነበረውን ቅባት አሟሙቶ ይዞት ሄዶ ዲያፍራሙ ላይ አፍስሶታል፤ ከፍቶ ለመዝጋት የቅጽበት ክፍልፋይ ይበቃቸው የነበሩት ስስ ምላሶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። የላስቲኩ ቀለበት ላልቶ ይሽከረከራል፤ የተጻፈው ቁጥር ግማሹ ጠፍቷል፤ በፊት መስተዋቱ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ስስ ግርዶሽ አለ። ይህ ግርዶሽ ምንድን ነው? ግሊሰሪን ነው። ለእጅ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ አልኮል ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቅመማ እንኳ 80 በመቶ ኤታኖል ሲሆን፣ ቆዳ እንዳይደርቅ ተብሎ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን ይጨመርበታል። ለእጅ ደኅና ነው፤ ለመስተዋት ግን አልኮሉ ሲተን ግሊሰሪኑ ይቀራል፤ በላዩም አቧራ ይለጠፍበታል።

ወንድሜ፣ «ቴክኒሻኑስ አልኮል ይጠቀም የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ይጠቀማል፤ ንጹሑን አልኮል፣ ጠብታውን በጨርቅ ላይ አድርጎ፣ ጨርቁንም ከመካከል ወደ ጠርዝ እያዞረ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሌንሱን ፈትቶ። በጨርቅ ላይ ማንጠብና በሌንስ ላይ መርጨት ሁለት ሥራ ነው። በመጀመሪያ አቧራውን በአየር መንፊያ ማባረር፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ ጨርቅ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል ያፈረሰ ሰው አሸዋ ይዞ መስተዋት ይሞርዳል።

ለበሽታውም ቢሆን መርጨቱ አላስፈለገም። በማርች 2020 የታተመው ጥናት ቫይረሱ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት ሊገኝ እንደሚችል ገለጠ፤ እንግዲህ ያገለገለ ካሜራ የገዛና የፈራ ሰው ዕቃውን ሦስት ቀን አስቀምጦ እጁን ቢታጠብ ይበቃው ነበር። ደግሞም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል በ2021 ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል በአብዛኛው ከ10,000 አንድ እንኳ እንደማይሞላ አስታወቀ። ይህን የሚያህል ነገር ተጽፎ ተቀምጦ ሳለ፣ ዛሬ ደርሶ በድምፅ መልእክት «እርጩ» ማለት ምን ይባላል?

አባቶቻችን በ1911 ዓመተ ምሕረት የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጃት በየደጁ ቆሻሻ አቃጥለው አጠኑ፤ ልማዱም ኅዳር 12 ቀን እስከ ዛሬ ይኖራል። እነርሱ ሐኪም በጣት በሚቈጠርባት ከተማ፣ የበሽታው ቫይረስ ገና ባልታወቀበት ዘመን የሚችሉትን አደረጉ። እኛ ግን ዕውቀቱን በኪሳችን ይዘን ነው የምንረጨው።

የመርጨቱን ጥፋት ከግለሰብ ይልቅ ያስተማሩት ተቋማት ናቸው። በኮሮናው ዓመት በአንድ ድርጅት በር ላይ ጥበቃው የሰብል መድኃኒት መርጫ በጀርባው አዝሎ፣ የሚገባውን ሰው ቦርሳና ዕቃ በበረኪና ውሃ ሲያርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያለ ፍላጎቱ ካሜራው የተረጨበት ባለሙያ፣ የሌንሱና የካሜራው መገናኛ ነጥቦች አረንጓዴ ዝገት አብቅለው ካሜራው ሌንሱን «አላውቀውም» ባለ ጊዜ፣ ካሳ ቢጠይቅ «መመሪያ ነው» የሚል ቃል ብቻ አገኘ። መመሪያውን የጻፈው ማን እንደ ሆነ፣ ከማንኛው ባለሙያ ጋር እንደ ተመካከረ የሚናገር አልተገኘም። በአገራችን መመሪያ አባት የለውም፤ ልጆቹ ግን ብዙ ናቸው።

ስለ ዋጋም አንድ ቃል። ዛሬ የምናየው የካሜራ ዋጋ ሁሉ የወረርሽኙ ነው ማለትም ስሕተት ነው። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ካሜራ ደግሞ በብር አይሠራም። የድምፁ ባለቤት ይህን ቢናገር ኖሮ ቢያንስ አንድ እውነት በተናገረ ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ እነሆ። ያን የድምፅ መልእክት የላከላችሁ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ መልሳችሁ ላኩለት። ሌንሳችሁን በክረምት በቦርሳ ዘግታችሁ አታስቀምጡ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ አውጥታችሁ ብርሃንና አየር አሳዩት። አልኮሉን ለእጃችሁ አድርጉት። የተረጨ ሌንስ ያላችሁም እንዳትከፍቱትና እንዳታሽከረክሩት፤ እንዳለ ይዛችሁ ወደ ሙያተኛ ሂዱ፤ ዲያፍራሙ በግድ ካልተንቀሳቀሰ ብዙውን ጊዜ ይድናል።