በልክ የሚሣል ታሪክ

የአርኪኦሎጂ ሠዓሊ በቁፋሮ የተገኘን ዕቃ፣ ሕንፃ ወይም የአፈር ንብርብር ልኩን ጠብቆ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ባለሙያ ነው። ሥራው የሠዓሊን እጅና የሳይንቲስትን ጥንቃቄ በአንድነት ይጠይቃል።

ሙያው ከፎቶግራፍ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1798 ናፖሊዮን ግብፅ ሲዘምት አብረውት የተጓዙ ሠዓሊያንና መሐንዲሶች ጥንታዊ ቤተ መቅደሶችን እየለኩ ሥለዋል። በ1922 የቱታንካሙንን መቃብር ያገኘው ሃዋርድ ካርተርም በ1891 ግብፅ የገባው ገና በ17 ዓመቱ፣ የመቃብር ግድግዳ ሥዕሎችን ሊገለብጥ ነበር።

ካሜራ ከመጣ በኋላም ሙያው አልቀረም። ፎቶግራፍ ጥላውንም እድፉንም ሳይመርጥ ያነሣል፤ ሠዓሊው ግን ለጥናት የሚያስፈልገውን ለይቶ ያወጣል። ለምሳሌ የማሰሮ አፍ ስባሪ ሲያገኝ፣ የተለያየ ስፋት ያላቸው ክቦች በተሣሉበት ወረቀት ላይ አስቀምጦ ከየትኛው ክብ ጋር እንደሚገጥም ያያል። በዚህም ከአንዲት ስባሪ የሙሉውን አፍ ስፋት ያውቃል። ቀጥሎ የገሉን ውፍረት ይለካል። ሥዕሉን በመሐል መስመር ከፍሎ በአንዱ ወገን ማሰሮው ለሁለት ቢቆረጥ የሚታየውን ገጽ፣ በሌላው ወገን ውጫዊ መልኩን ያኖራል።

የድንጋይ መሣሪያ ሲሣል ደግሞ ብርሃኑ ከላይ በግራ በኩል እንደሚመጣ ይታሰባል። ቀጫጭን ቅስት መስመሮች ድንጋዩ ከየት አቅጣጫ እንደተመታ ይናገራሉ፤ ነጠብጣቦች ያልተጠረበውን የተፈጥሮ ቅርፊት ያመለክታሉ። ይህን ሥርዓት የተማረ ተመራማሪ የየትኛውም አገር ሰው ቢሆን ሥዕሉን ያነበዋል።

ፋይዳውን አክሱም በሚገባ ታስረዳለች። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራ የጀርመን የጥናት ቡድን በከተማዋ ሲሠራ፣ የሥነ ሕንፃ ባለሙያው ዳንኤል ክሬንከርና ባልደረቦቹ ሐውልቶቹንና የቤተ መንግሥት ፍርስራሾቹን ለክተው ነደፉ። ሥራው በ1913 በርሊን ላይ በአራት ቅጽ ታተመ። ከፍርስራሾቹ አንዱ የሆነው ታእካ ማርያም ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራ አብዛኛው ክፍሉ ጠፋ። ዛሬ ተመራማሪዎች የዚያን ሰፊ ቤተ መንግሥት አሠራር የሚያጠኑት በዋነኛነት በ1906 ከተለካው ንድፍ ነው።

አሁን ኮምፒውተርና የሌዘር መለኪያ ሥራውን አፋጥነውታል። ሆኖም በገሉ ላይ ያለው መስመር የሸክላ ሠሪዋ ጌጥ ይሁን በኋላ የደረሰ ጭረት የሚለየው ዕቃውን በእጁ አገላብጦ የሚመረምር ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ሙያው መግባት የሚሻ ወጣት ከሥዕል ትምህርቱ ጋር፣ ሸክላ እንዴት እንደሚሠራና ድንጋይ እንዴት እንደሚጠረብ ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል።