አንድ ጫካ ለሁለት አዳኝ፣ አንድ ሜዳ ለሁለት ቡድን

ዛሬ ከኳስ ሜዳ ትንሽ ወጣ ብለን ጫካ እንገባለን፡፡ «ሊጉ እያለ ጫካ ምን አመጣው?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፡፡ ትንሽ ታገሱኝ፡፡ መጨረሻ ላይ ዞረን ከዋሊያዎቹ ጋር እንገናኛለን፡፡

ነገሩን ከኩታበር ልጀምረው፡፡ ከደሴ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሚወጣ ሰው ኩታበር ደጋ ናት፡፡ ገብሱ፣ ስንዴው፣ ከየጓሮው የሚታየው ባህር ዛፍ፣ ብርዱ… ሁሉም የወሎ ደጋ ነው፡፡ እዚያ ውሻ ለጌጥ አይያዝም፡፡ የበረቱ ዘበኛ፣ የእረኛው ጓደኛ፣ ዝንጀሮና ጃርት እህል ላይ ሲወጣ የሚያባርር የቤት ሠራተኛ ነው፡፡ ጠዋት እረኛው ከብቱን ይዞ ሲወጣ ውሻው ከፊት ከፊት ይላል፡፡ ከማሳው ጥግ ቆቅ ብድግ ካለች፣ ከቁጥቋጦው ሚዳቋ ዘላ ከወጣች ደግሞ ነገሩ አለቀ፡፡ «ያዝ! ያዝ!» ነው፡፡ ውሻው ይሮጣል፣ ልጁ ይከተላል፡፡ ያ ልጅ የለበሰው የአርሴናል ወይም የማንቸስተር ማልያ ቢሆን አይግረማችሁ፡፡ ለእሱ ይሄ ጨዋታ ነው፡፡ አደን ማለትማ ባለጠመንጃ የሚሠራው ነገር ነው ብሎ ያስባል፡፡

ታዲያ ያ ሜዳ የማነው? የልጁ? የውሻው? የሚዳቋዋ? ወይስ ፈቃድ ከፍሎ የሚመጣው አዳኝ? የዛሬው ጥያቄያችን ይሄ ነው፡፡

የፈረንጆቹ ደርቢ

ይህን ጥያቄ በስፖርት ቋንቋ ሲጨቃጨቁበት የኖሩ ሰዎች አሉ፡፡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩበት ወደ ሚኒሶታና ወደ ጎረቤቷ ዊስኮንሲን እንሂድ፡፡ እዚያ በመኸር ወራት አንድ ጫካ ውስጥ ሁለት ዓይነት አዳኝ ይገናኛል፡፡

የመጀመሪያው ባለ ውሻው ነው፡፡ የሚፈልገው የእኛን ቆቅ የሚመስል የጫካ ወፍ ነው፡፡ ውሻው አሽትቶ ወፏ ያለችበትን ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወይም ዘሎ ያስነሳታል፡፡ ውሻው ቅጠል ውስጥ እንዳይጠፋ አንገቱ ላይ ቃጭል ይታሰርለታል፡፡ ጌታው ፊሽካ ይነፋል፣ ይጣራል፣ ይራመዳል፡፡ ጨዋታው ራሱ እንቅስቃሴና ድምፅ ነው፡፡

ሁለተኛው አጋዘን አዳኙ ነው፡፡ የእሱ ጨዋታ ተቃራኒ ነው፡፡ ገና ሳይነጋ ዛፍ ላይ የተሠራ መቀመጫው ላይ ወጥቶ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃል፡፡ አጋዘን ጆሮው ቀጭን፣ አፍንጫው ስለታም ነው፡፡ ሰውየው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይስል ሳያስነጥስ ተቀምጦ፣ ልክ አጋዘኑ ብቅ ሊል ሲል «ቅልል… ቅልል…» የሚል ቃጭልና «ፊው!» የሚል ፊሽካ ከታች ይመጣል፡፡ አለቀ! የዚያን ቀን አጋዘን የለም፡፡

በተቃራኒው ደግሞ ባለ ውሻው የሚፈራው ነገር አለ፡፡ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ቡናማ ነገር ከሩቅ ሲታይ ውሻ ይሁን አጋዘን የሚያጣራው የተኳሹ ዓይን ብቻ ነው፡፡ ተኳሹ ከቸኮለ ለዓመታት ያሠለጠነው ውሻ ብቻ ሳይሆን የራሱም ሕይወት አደጋ ላይ ነው፡፡ አንዱ «የኔን ጨዋታ አበላሸህ» ይላል፣ ሌላው «ልትገድለኝ ነው» ይላል፡፡ ሁለቱም ፈቃድ አላቸው፣ ሁለቱም ከፍለዋል፡፡

መፍትሔው ምን ሆነ? እንደ ጥሩ ሊግ ነው የተሠራው፡፡ አንደኛ መርሃ ግብር አለ፡፡ በዊስኮንሲን የወፉ አደን ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ለወራት ይቆያል፡፡ የአጋዘኑ የጠመንጃ አደን ዋናው ወቅት ግን በኅዳር ውስጥ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፡፡ ብዙ ባለ ውሾች በእነዚያ ቀናት በገዛ ፈቃዳቸው ውሻቸውን ቤት ያስቀምጣሉ፡፡

ሁለተኛ ማልያ አለ፡፡ በአጋዘን የጠመንጃ ወቅት ከውኃ ወፍ አዳኞች በቀር ጫካ የገባ አዳኝ ሁሉ ከወገቡ በላይ ከለበሰው ቢያንስ ግማሹ ደማቅ ብርቱካናማ መሆን አለበት፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደማቅ ሮዝም ተፈቅዷል፡፡ ለውሻውም ብርቱካናማ ሰደርያ የሚያለብሱ ብዙ ናቸው፡፡ ሰው ቀለሙን በግልጽ ያያል፤ አጋዘን ግን እንደ እኛ ብርቱካናማን ለይቶ አያየውም፡፡ ዳኛና ተጫዋች በማልያ እንደሚለዩት ማለት ነው፡፡

ሦስተኛው ያልተጻፈ ሕግ ነው፡፡ አጋዘን የሚንቀሳቀሰው ንጋትና ምሽት ላይ ስለሆነ ጨዋ የሆነ ባለ ውሻ ቀትር አካባቢ ይገባል፡፡ የጫካው መግቢያ ላይ የቆመ መኪና ካየ «ሰው ቀድሞኛል» ብሎ ወደ ሌላ ጫካ ይሄዳል፡፡ አጋዘን አዳኙም ጫካው የሕዝብ መሆኑን ስለሚያውቅ ውሻ ባለፈ ቁጥር አይሳደብም፡፡ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም፡፡ ጭቅጭቁ ዛሬም አለ፡፡ ግን ሥርዓቱ ስላለ የቀደመውና የዘገየው፣ ያጠፋውና ያላጠፋው ይለያል፡፡

ይሄ ለኳስ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፡፡ ኤሲ ሚላንና ኢንተር እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ አንዱን ሳንሲሮ እየተጋሩ ኖረዋል፡፡ እኛስ? ጊዮርጊስና ቡና በአንዱ አዲስ አበባ ስታዲየም ስንት ዓመት ተጫወቱ! አንዱ ሳምንት አንዱ «ባለ ሜዳ» ነው፣ ሌላው ሳምንት ሌላው ነው፡፡ ካታንጋና ሚስማር ተራ ቢፎካከሩም ሜዳው አልተከፈለም፡፡ መርሃ ግብርና ዳኛ እስካለ ድረስ አንድ ሜዳ ለሁለት ይበቃል፡፡

የእኛ ጫካ ግን ሦስተኛ ቡድን አለው

እዚህ ላይ ነው ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ የሚለየው፡፡ በኢትዮጵያ ስፖርታዊ አደን አለ፡፡ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፡፡ በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ደግሞ ዘርፉን እንዲመራ ተደርጓል፡፡ ፈቃድ የሚያወጣው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ባለ ዶላር ነው፡፡ የሚመጣውም በዋናነት ለደጋ አጋዘን ነው፡፡ ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፡፡ ሳይንሱ ያወቀው እንኳ ዘግይቶ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው፡፡

እንግዲህ እኛ ጋ ባለጠመንጃውና ባለ ውሻው እንደ ዊስኮንሲኖቹ ሁለት ስፖርተኞች አይደሉም፡፡ አንዱ ቱሪስት ነው፣ ሌላው ገበሬ ነው፡፡ ትልቁ ግጭትም በሁለቱ መካከል አይደለም፤ በውሻውና በሜዳው እውነተኛ ባለቤት መካከል ነው፡፡ ባለቤቱ ማነው ካላችሁ ቀይ ቀበሮ ነው፡፡

ቀይ ቀበሮ የኢትዮጵያ ብቻ ናት፡፡ በዓለም ላይ ያሉት በጠቅላላው ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራሉ፡፡ የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ እና በወሎ ደጋዎች ተበትነዋል፡፡ የወሎዎቹ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፡፡ ደቡብ ወሎ ውስጥ የቦረና ሳይንት ወረኢመኑ ብሔራዊ ፓርክ አንዱ መጠጊያቸው ነው፡፡ እረኛው «በጌን በላችብኝ» ብሎ ይከሳታል፡፡ ግን ምግቧ ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው፡፡ የገበሬውን ተባይ የምትለቅም ጎረቤት ናት ማለት ይቻላል፡፡

ውሻ ቀይ ቀበሮን በጥርሱ ባይነካት እንኳ በበሽታ ይጨርሳታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 92፣ በ2003፣ በ2008 እና 2009፣ በ2014 ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገባ፡፡ በ2003ቱ ወረርሽኝ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱ ገደማ አለቁ፡፡ አስቡት፣ ከ11 ተጫዋች ስምንቱ በአንድ ጊዜ ቀይ ካርድ ማለት እኮ ነው! ከጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ደግሞ ጭራሹኑ ጠፍታለች፡፡

ይህን ስል ውሻውን ወንጀለኛ እያደረግሁ አይደለም፡፡ ገበሬውን «ውሻህን ተው» ማለት «ዝንጀሮው እህልህን ይብላ፣ ጅቡ በግህን ይውሰድ» ማለት ነው፡፡ ማን ይሰማል? ከተሜው በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የሚያወጣው ሕግ ኩታበር ላይ አይሠራም፡፡ በዚያ ላይ ኩታበርና አካባቢዋ እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነት ያዩ ናቸው፡፡ ሰው ቀዬውን ጥሎ ሲሸሽ ውሻ ይቀራል፤ ያልተከተበ፣ ባለቤት የሌለው፣ ራሱን ለማኖር የሚያድን ውሻ ይሆናል፡፡ ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ግን ሸክሙ በመጨረሻ የሚያርፈው ሰውም አውሬውም ላይ ነው፡፡

የሰውንም እናንሳ፡፡ በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ንክሻ ነው፡፡ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፡፡ «ያዝ! ያዝ!» እያለ የሮጠው ባለ አርሴናል ማልያው ልጅ አደጋው ውስጥ አለ፡፡ መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም፡፡ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፡፡ ባሌ ላይ ለዓመታት የገበሬ ውሻ ሲከተብ ኖሯል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም ለራሷ ለቀይ ቀበሮዋ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት መስጠት ተጀምሯል፡፡

መርሃ ግብሩ ከኛው አገር

«ይሄ የፈረንጅ ሥርዓት ለኛ አይሆንም» ለሚል ሰው መልስ አለኝ፡፡ ሥርዓቱ እኛ ጋ ቀድሞ ነበር፡፡ መንዝ ሂዱ፡፡ ጓሳ የሚባለው ሰፊ ደጋ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአካባቢው ሕግ ሲጠበቅ ኖሯል፡፡ ሕዝቡ አባ ቄራ ይመርጣል፡፡ ሜዳው ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ማንም ከብት አያስገባም፣ ማንም ሣር አያጭድም፡፡ ሲከፈት ሁሉም በድርሻው ይገባል፡፡ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ሣር ይወስዳል፣ ከብቱን ያሰማራል፡፡ ከዚያ እንደገና ይዘጋል፡፡ እንግዲህ ይሄ መርሃ ግብርም ዳኛም አይደለም? ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የድሮው ሥርዓት ተናግቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል፡፡ ዛሬ ቀይ ቀበሮ ጓሳ ላይ አለች፡፡ ያቆያት አጥር ሳይሆን ተራ መጠበቅ ነው፡፡

ኩታበርም ሆነ ሌላው የወሎ ደጋ ከዊስኮንሲን የሚወስደው ቃጭሉን ወይም ብርቱካናማውን ሰደርያ አይደለም፡፡ ከሁለቱም አገር የሚወሰደው አንድ ነገር ነው፤ ሜዳውን የሚጋራው ሁሉ ግዴታ አለበት፡፡ ባለ ውሻው ውሻውን ያስከትባል፣ ሌሊት ያስራል፣ ሚዳቋ ሲያይ አይለቅም፡፡ ባለጠመንጃው ፈቃድ ያወጣል፣ ከተፈቀደለት ውጭ አይተኩስም፡፡ መንግሥት ክትባቱን ገበሬው ደጃፍ ያደርሳል፡፡ እህሉ የተበላበት ገበሬም ሰሚ ያገኛል፡፡ የመጨረሻው ከተረሳ የቀሩት አይሠሩም፡፡ ተጎድቶ ዝም የተባለ ሰው ሕግ አያከብርም፤ ፍጹም ቅጣት ምት ተነፍጎት ሜዳ ጥሎ የወጣ ቡድን አይተን የለ?

አሁን ወደ ዋሊያዎቹ፡፡ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለእ.ኤ.አ. 2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ ከተማው እንዴት እንደነበረ ታስታውሳላችሁ፡፡ ስንጮህ የነበረው በማን ስም ነው? በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ በሚኖር፣ ሌላ አገር በሌለው ፍየል ስም ነው፡፡ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ በ2017 ወጣ፡፡ «አሸነፍን» ብለን ነበር፡፡ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ከ800 በላይ የነበረው ዋሊያ ግን በቅርብ ዓመታት ቆጠራ ወደ 300 ገደማ ወርዷል፡፡ ጦርነትና ሕገወጥ አደን ዋነኞቹ ምክንያቶች ተብለው ይጠቀሳሉ፡፡

300 ማለት የካታንጋን አንድ ጥግ አይሞላም፡፡ ቡድኑ ሲሸነፍ አሠልጣኙን እንወቅሳለን፣ ፌዴሬሽኑን እንወቅሳለን፡፡ ማልያው ላይ ያለው ከሜዳ ሲወጣ ግን ቅያሪ ተጫዋች የለውም፡፡ መቼም ደጋፊ ነን ካልን የዋሊያንም ውጤት እንደ ሊጉ ሰንጠረዥ እንከታተል፡፡ ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ ኩታበር ዘመድ አላችሁ፤ ስትሄዱ «ውሻው ተከትቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፡፡

ሳምንት በኳስ እንገናኝ፡፡ ቸር ይግጠመን፡፡