የካንሰር ሕመምተኛና የአካል ተሐድሶ

አንድ ባልደረባችን ወይም ተማሪያችን የካንሰር ሕክምናውን ጨርሶ ከሐኪም ቤት ሲወጣ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብለን ወዲያው ወደ ቀድሞ ሥራው እንዲመለስ እንጠብቃለን። ይሁን እንጂ የዕጢው መወገድና የሰውየው ጉልበት መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የሕክምና ዘርፍ የአካል ተሐድሶ ነው። እዚህ የምንመለከተውም ሕመምተኛው ሆስፒታል ተኝቶ የሚያገኘውን ተሐድሶ ይሆናል።

ለመሆኑ ጉልበት ለምን ይከዳል? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ለብዙ ቀናት አልጋ ላይ በዋለ ሰው ላይ ጡንቻ ይመነምናል። አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች የእጅና የእግር ነርቮችን ስለሚጎዱ ጠመኔ መጨበጥ፣ መሬቱንም አስተካክሎ መርገጥ ያስቸግራል። ካንሰሩ ወደ አከርካሪ አጥንት ተዛምቶ ኅብለ ሰረሰርን የተጫነ እንደ ሆነ ደግሞ እግር እስከ መሽመድመድ ይደርሳል።

በተሐድሶ ክፍል ልዩ ልዩ ባለሙያዎች በኅብረት ይሠራሉ። አንዱ ከአልጋ መነሣትን፣ መቆምንና መራመድን ያለማምዳል፤ ሌላው መልበስን፣ መታጠብንና መጻፍን፤ ሌላው ደግሞ ንግግርንና መዋጥን። በአሜሪካ እንዲህ ባሉ ሆስፒታሎች ልምምዱ ባብዛኛው በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። ይህ ለሕመምተኛው የሚከብድ ከሆነ 15ቱ ሰዓት በ7 ቀን ሊደለደል ይችላል። ካንሰር ያሳሳው አጥንት በቀላሉ ስለሚሰበርም ልምምዱ በጥንቃቄ ይመረጣል።

ተሐድሶ የሚያስፈልገው ለሚድን ሰው ብቻ ነውን? አይደለም። ኸርበርት ዲትስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የካንሰር ተሐድሶን በዓላማው በ4 ከፍለውታል። ይኸውም ጉዳትን አስቀድሞ መከላከል፣ የጠፋውን ችሎታ መመለስ፣ ጉዳቱ የማይመለስለትን ሰው በቀረው ችሎታ ራሱን እንዲችል መደገፍ፣ በሽታው ለጸናበትም ሥቃዩን ማቅለል ነው። በመጨረሻ ቀኖቹ ያለ ሰው እንኳ በገዛ እጁ ውሃ አንሥቶ መጠጣቱ ክብሩን ይጠብቅለታል።

በጀርመን አገር «ከጡረታ በፊት ተሐድሶ» የሚል መመሪያ አለ። ከካንሰር ሕክምና በኋላ ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ 3 ሳምንት ያህል በተሐድሶ ማዕከል ሊቆይ ይችላል። «ከእንግዲህ አይሠራም» ከመባሉ በፊት ችሎታው እንዲመለስ ይሞከራል ማለት ነው።

እኛ ግን በዚህ ረገድ ተሳስተን እናውቃለን። አንድ ባልደረባችን ከረጅም ሕክምና በኋላ ሲመለስ «ይረፍ» በማለት ክፍለ ጊዜዎቹን ሁሉ ተከፋፈልነው። ያደረግነው በደግነት ነበር፤ እርሱ የፈለገው ግን ተቀምጦ የሚያስተምርበት ወንበር ብቻ ነበር። የተሐድሶ ክፍል በቅርብ ባይገኝም ወንበር ማቅረብ፣ ደረጃ በማያስወጣ ክፍል መመደብ፣ ክፍለ ጊዜ ለጊዜው መቀነስ፣ ለተማሪም በፈተና ላይ ሰዓት መጨመር ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ምን እንደሚችል ራሱን ሰውየውን እንጠይቀው።